እርካብ የሚይዙልኝ ሰዎች

አክብረው አደከሙኝ ብዬ ብከስ በመላው የጃንሆይ ግዛት የሚቀበለኝ ችሎት የለም። ይህን የምለው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነቀምቴ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ፣ የማያስኬደውንም ክስ ሳስኬድ የከረምሁ ምላሰኛ ሽማግሌ ነኝ። ስለዚህ እዚሁ ወረቀት ላይ ልክሰሳቸው።

የስኳር በሽታ ያዘኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሽንቴን መርምሮ፣ “አባባ፣ ማርና ጠጅ ይቅርብዎ፤ ብዙም አይድከሙ” አለኝ። ባለቤቴ ማሩን ብቻ ነጥቃኝ መች በቃት! ሥጋውን ጨመረችበት፣ ወተቱን ጨመረችበት፣ እንቁላሉም አልቀረ። ሆዴ ጎደለ። ጎረቤቱ ሁሉ “ስኳሩ ለቀቀዎት፣ እንዴት ሸንቀጥ አሉ!” ይለኝ ጀመር። እኔ ጅሉ ደስ ብሎኝ ቀበቶዬን በምስማር እበሳ ነበር። ጭኔም አብሮ እያለቀ መሆኑን ማን ይንገረኝ?

እንዳላውቀው ያደረገኝ ክብሬ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲነሣ ብብቱን ይዘው ያነሡታል፤ በቅሎ ሲወጣ አንዱ እርካቡን ይይዛል፣ አንዱ ወገቡን ይደግፋል። ብድግ ሲያደርጉኝ እኔ የተነሣሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ኡኬ ወርጄ ባልና ሚስት ሳስታርቅ አድሬ ስመለስ፣ አጃቢዬ እዚያው ለሠርግ ስለ ቀረ ብቻዬን ነበርሁ። መንገድ ላይ ሽንቴ መጣ። የስኳር ሰው ሽንት ቀጠሮ አያውቅም። ወረድሁ፤ መውረድስ ቀላል ነው። ጨርሼ እግሬን እርካቡ ውስጥ ከተትሁ፤ የቀረው ሰውነቴ ግን አልከተል አለ። ደገምሁ፤ ሠለስሁ። በቅሎዋ ዞራ አየችኝ። እንዲህ ያለ ንቀት ከዳኛም አልደረሰብኝ።

ከገበያ የምትመለስ ሴት ደረሰች። “አባኮ፣ ማል ታተን? ምን ሆኑ?”

“ልጓም እያስተካከልሁ ነው።”

“ልጓሙ ወዲያ ነው፤ እርስዎ ያሉት በጅራቷ በኩል።”

ሸክሟን አውርዳ ቂጤን ገፍታ ሰቀለችኝ። “ከእርስዎ የእኔ በቆሎ ይከብዳል” አለች፣ ሳትስቅ። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ነቀምቴ እስክገባ ድረስ ብቻዬን ስሳደብ ሄድሁ።

ይህን ለባለቤቴ መንገሬ ደግሞ ሌላ ጅልነት! “እንግዲያስ በቅሎዋ ለአማችዎ ትሂድ፤ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ” አለች።

“እስካሁን ያሳረፋችሁኝ አነሰ?” ብዬ ጮህሁ። በቅሎዋ ከሄደች መንገዱም፣ እርቁም፣ የሚጠራኝ ሰውም አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ የቤት ዕቃ ነኝ።

በማግስቱ ድሬሰሩ ላይ ወረድሁበት። “አይድከሙ ያልኸኝ አንተ ነህ! ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፤ ይኸው አለቅሁ!”

“ይተኙ መች አልሁ? ሥጋውንና እንቁላሉንስ ማን ከለከለዎት?”

“ሚስቴ።”

“እሷ ድሬሰር ናት?”

ክረምቱን ሙሉ እንቁላሌን በጠብ በላሁ። ጠዋት ጠዋት ከበርጩማ ላይ፣ ምንም ሳልይዝ፣ መነሣትና መቀመጥ ጀመርሁ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ ኋላ አሥር። ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። ባለቤቴ “ሰው ምን ይላል?” ትላለች። ሰው እስካሁን ያለው ነው ለዚህ ያበቃኝ!

መስከረም ላይ አማቼ በቅሎዋን ሊወስድ መጣ። መልካም ሰው ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው መልካምነቱ ነው። በቅሎዋ ተጭና በር ላይ ቆማለች። ቀድሜው ሄጄ እርካቡን ረገጥሁ። ሮጦ ብብቴን ያዘ።

“ልቀቅ!”

“አባባ፣ እንዳይወድቁ ብዬ…”

“ብወድቅ የምወድቀው እኔ! ልቀቅ አልሁ!”

ለቀቀኝ። ራሴን ወደ ላይ ገፋሁ፤ ጭኔ ተንቀጠቀጠ፤ በሆዴ ኮርቻው ላይ እንደ እህል ስልቻ ተጋደምሁ። እንዲያው ተንጠልጥዬ ብዙ ቆየሁ፤ የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲስቁ ይሰማኛል። ከዚያ አንዱን እግሬን የሌላ ሰው ንብረት ይመስል ጎትቼ አሻገርሁትና ተቀመጥሁ።

“አንተ በእግርህ ተመለስ” አልሁት።

ይሄ ጨዋ፣ እንዳልወድቅ ልጓሙን ሊይዝልኝ እጁን ዘረጋ። እጁን በአለንጋ ሾጥ አድርጌለት በቅሎዋን ነዳሁ።