ወገብ እስኪጠና

ባለፈው ማክሰኞ የአክስቴ ልጅ ሶስና ደወለችልኝ። ሶስና እዚህ አትላንታ ያደገች፣ ሆስፒታል ውስጥ በታካሚዎች ላይ ሳያውቁና ሳይስማሙ ምንም ነገር እንዳይደረግ የምትቆጣጠር ሴት ናት። ለዚህ ሥራ ሁለት ዲግሪ ይዛለች።

«ሃይ፣ ማሚን ዲስቻርጅ አደረጓት። የወገቧ ሰርጀሪ፣ ላይክ፣ በጣም ጥሩ ነው የሄደው» አለችኝ። «ግን ሊስን። አንክል ግርማ ትናንት አዲስ አበባ ሞቷል። እንዳትነግራት፣ ኦኬ? ዶክተሩ ክሊር እስኪያደርጋት።»

ግርማ የአክስቴ የመጨረሻ ወንድም፣ የእኔም አጎት ነው። ማዘን ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ከሳቁ ቀጥሎ አፌ ውስጥ የንፍሮ ጣዕም መጣ፣ ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳለሁ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን፣ እትዬ ወይንሸት ቤት እኖር ነበር። እትዬ ወይንሸት የሶስና እናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ኮንየርስ ካለ መጋዘን ካርቶን እየጫንኩ በተረፈኝ ሰዓት እማር ነበር። አንድ ሐምሌ ላይ ከወገቤ የተነሳ ሕመም ግራ እግሬን ይዞ ወረደ። ዶክተሩ የራጅ ፎቶውን አሳየኝ፤ አንዱ የአከርካሪ አጥንት ከታችኛው ላይ ተንሸራቶ ወደ ፊት ወጥቷል። ሰነፍ ሠራተኛ የደረደረው ካርቶን ይመስላል። መፍትሔው ሁለቱን አጥንቶች በብረት ዘንግና በብሎን አስሮ፣ ገጥመው አንድ አጥንት እስኪሆኑ መጠበቅ ነበር።

አባቴ አገር ቤት ሆኖ በስልክ ሲሰማ ተቆጣ። «ወገብ ቢላ አይነካውም። ሰው የሚቆመው በወገቡ ነው» አለኝ።

«አባዬ፣ አንተ ሐኪም አይደለህም። ድኜ ስነሳ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁበት። ያን ጊዜ ብዙ ያነበበ ሰው አባቱ ላይ ስልክ መዝጋት የሚፈቀድለት ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ስወጣ ሦስት ክልከላ ሰጡኝ፤ አትጎንበስ፣ ወገብህን አትጠምዝዝ፣ ከአንድ ጋሎን ወተት የከበደ አታንሳ። ከደረቴ እስከ ዳሌዬ በፕላስቲክ ልባስ ታሰርኩ። ከአልጋ የምነሳው እንደ ግንድ ተንከባልዬ ነው። ካልሲ የማነሳው ጫፉ ላይ መንጋጋ ባለው ረጅም ዘንግ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጉዞዬ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት እስከ መንገዱ ማጠፊያ ደረስኩ። የጎረቤት ውሻ እንኳ እኔን ማባረር ውርደት ሆነበት መሰለኝ፣ ተኝቶ ያየኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቤት ደወልኩ። እናቴ አነሳች። «አባትህ ወሊሶ ፍል ውሃ ሄዷል፣ ለጉልበቱ» አለችኝ። ድምጿ ጎርነን ብሏል። ጉንፋን ነው አለች። በአራተኛው ሳምንት ደወልኩ፤ አባቴም ወሊሶ ነው፣ ጉንፋኑም አለ። በስድስተኛውም እንደዚያው። አኩርፎኛል ብዬ ደመደምኩ። በጀርባዬ ተኝቼ የምለውን አዘጋጅ ጀመር፤ መጀመሪያ ይቅርታ የሌለበትን፣ ኋላ ትንሽ ያለበትን፣ በመጨረሻ ይቅርታ ብቻ የሆነውን። ያን የመጨረሻውን ቃል በቃል አውቀው ነበር። መዳን ለእኔ ያን ስልክ ቆሜ መደወል ማለት ነበር።

ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ቤቱ የተቀቀለ ስንዴና ሽምብራ ሸተተ።

«እትዬ፣ የምን ንፍሮ ነው?»

«ፋይበር ነው» አሉ እትዬ ወይንሸት ከወጥ ቤት። «ዶክተሩ ፋይበር ብላ አላለህም?»

ብሎኛል። የሕመም ማስታገሻው ሆዴን ድንጋይ አድርጎት ነበር። አንድ ሳህን በልቼ ጨመርኩ። ደግሞም ሠራ።

የእትዬ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየቀኑ ድስት ይዘው ይመጡ ነበር። እንግዳው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነው፤ «ጎንበስ ማለት ጀመርክ?» የሰዉ ለወገቤ መጨነቅ ትንሽ አኩርቶኛል። እትዬ ደግሞ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራቸው ሲመለሱ መኪናቸውን በር ላይ ያቆሙና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይወርዱ ይቀመጣሉ። በመስኮት አያቸው ነበር። የስብከት ካሴት እየጨረሱ ነው ብዬ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ካሴት አንድ ሁለት ቀልድ በሆዴ አስቀምጬ ነበር።

በአሥረኛው ሳምንት ለቀጠሮ አብረን ሄድን። ዶክተሩ አዲሱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቀለው። ብሎኖቹ ነጭ ሆነው ታዩ፤ አጥንቱ መግጠም ጀምሯል። ልባሱን ቀስ በቀስ መተው ትችላለህ አለኝ።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አሉ እትዬ። «ድንገት መሬት ላይ ቢወድቅ፣ ብሎኖቹ ይችሉታል ወይ በልልኝ።»

ተረጎምኩ። ባይወድቅ ይሻላል፣ ግን ይችሉታል አለ ዶክተሩ።

«ደረቱን ቢመታስ?»

ተረጎምኩ። «ማን ነው የሚመታው?» አለ ዶክተሩ።

«ራሱ ነዋ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። የጸሎት ፕሮግራም ሊወስዱኝ አስበው መሰለኝ፤ እምቢ የምልበትን መንገድ አስብ ነበር።

«ጮኾ ቢያለቅስስ? ብዙ ሰዓት።»

ግማሹን ተርጉሜ ቆምኩ። ወሊሶ፣ የእናቴ ጉንፋን፣ በር ላይ የምትቆመው መኪና፣ ድስቱ ሁሉ። ንፍሮው። የአባቴን ለቅሶ ንፍሮ ለሆድ ድርቀት በልቼ፣ ጨምሩልኝ ብያለሁ።

«ጨርስ እንጂ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ዶክተሩ ላይ ነው።

ጨረስኩ። ዶክተሩ እኔንም እሳቸውንም አየና ብዕሩን አስቀመጠ። «ይችላል» አለ። «የፈለገውን ያህል ያልቅስ። ብቻ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኑር።»

«ይችላል ይላል» አልኩ። ስለ ሌላ ሰው የማወራ ነበር የሚመስለኝ። «የሚይዘው ሰው ይኑር ይላል።»

«አለሁ በለው።»

«አለሁ ይላሉ» አልኩት።

በኋላ ሳስበው ስህተታቸው ይገባኛል። እዚያ ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ የባንኩንም፣ የውሃውንም፣ የመኪናውንም ወረቀት የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። አስተርጓሚው ጆሮ እንዳለው ረስተውታል። ለእሳቸው ዋናው ነገር መርዶ ያለ ሐኪም ፈቃድ የታሰረ ወገብ ላይ እንዳይወድቅ ነበር። ሶስና ያኔ ገና ልጅ ነበረች፤ ሐኪሙን ሊጠይቁ የሚችሉት በእኔ አፍ ብቻ ነው።

 ቤት ስንደርስ እትዬ «ቅዳሜ ጠዋት እንግዳ ይመጣል፣ ቀደም ብለህ ተነስ» አሉኝ።

መጡ፤ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ እስከ በሩ ሞሉ። ማወቄን የጠረጠሩ ይመስለኛል፤ ሥርዓቱ ግን በማወቄ አይቀርም። ሳሎኑ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈዋል፣ በዙሪያው የሶፋውን ትራስ ደርድረዋል። የምወድቅበት ቦታ ተዘጋጅቶልኛል። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተናገሩ። አባቴ ያረፈው ቀዶ ሕክምናው በተደረገልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ልቡ ነው።

አልወደቅኩም። እንባም አልመጣም። በቃል የያዝኩት ይቅርታ አፌ ውስጥ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ሰዉ ሁሉ ሊይዘኝ እጁን ዘርግቶ እኔን ሲያይ፣ ፍራሹ ላይ የወደቁት እትዬ ወይንሸት ናቸው። አሥር ሳምንት ሙሉ ባለቀለም ልብስ ለብሰው፣ ስቀው፣ ወንድማቸውን መኪና ውስጥ ብቻ ሲያለቅሱ የኖሩ ሴት። ያወጡት ድምፅ ከሰው የሚወጣ አልመሰለኝም።

እግሬ ሥር ናቸው፤ እኔ ደግሞ መጎንበስ አልችልም። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቷ ኋላ ላይ ያለ ዘንግ ካልሲ ለማንሳት እንዳስተማረችኝ አደረግሁ። እግሬን ከፈትኩ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩና ያዝኳቸው። ያኔ አለቀስኩ። ብሎኖቹ ቻሉት።

በጥር ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ፤ ካርቶን መጫን ሳይሆን የወረቀት ሥራ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ መርዶ መደበቅን የሚቃወሙ ጽሑፎች ብዙ ጽፌአለሁ። የሰውን ሐዘን ወስዶ ለእሱ ማስቀመጥ ስርቆት ነው ብያለሁ፤ አሁንም አልሰረዝኩትም። አባቴን በልቅሶው አልሸኘሁትም፤ ያን ማንም አይመልስልኝም።

ይህን ሁሉ ይዤ ሐሙስ ዕለት ስኔልቪል፣ ሶስና ቤት ሄድኩ። እትዬ ወይንሸት እንደኔው ልባስ ታስረው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ስለ አየሩ አወራሁ። በጣም መሞቁን፣ ዝናቡ መዘግየቱን። ሶስና በሩ ጋ ቆማ አውራ ጣቷን ቀና አድርጋ አሳየችኝ።

እትዬ ፊቴን ሲያዩ ቆዩ። «የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሰኞ ነው» አሉ። «አብረኸኝ ሂድና አስተርጉምልኝ።»

«ሶስና አለችልዎት እኮ።»

«ለምጠይቀው ጥያቄ የእሷ አማርኛ አይበቃም።»

«እሺ» አልኩ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።