ዘጠነኛው ረድፍ

ከባለቤቴ ከመስፍን ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ባቄላ መፈልፈል ነበር። ጥቅምት ነው። እሸቱን ከካራ መጥታ መንገድ ዳር ከምትቸረችር ሴት ገዝቼ መጣሁና ሰፌዱን መሐላችን አድርገን ሳሎን ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ የምርምር ማሽን ያወራል፤ ከመሬት በታች በተቆፈረ ክብ ዋሻ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን በማግኔት እየመራ የሚያስሮጥ ማሽን ነው። መስፍን ቀና ብሎ አየና «ከእነዚያ ማግኔቶች መሐል የእኔ እጅ ያረፈበትም ይኖራል» አለ። እኔ ደግሞ «ቅርፊቱን ሰፌዱ ላይ አትጣል» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ።

አርባው ካለፈ ወዲህ ያን መልሴን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ልለው የሚገባኝ ሌላ ነገር ነበረኝ።

በወጣትነታችን ሁለታችንም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ ጋሽ ከማል ሥራ ቤት ሞተር ጠቅላዮች ነበርን። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ወይም የውሃ ፓምፕ ይመጣል፤ አሮጌውን ሽቦ አውጥተን በአዲስ እንጠቀልላለን። ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዞ በበሩ ሥር ይገባ ነበር፤ ቤቱ ቅጠልና ቫርኒሽ ይሸታል። ምሳችን ዳቦ በቃሪያ ነው። አንዳንዴ ጋሽ ከማል ከቤታቸው ሳምቡሳ ያመጡልናል።

ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ሲያጋጥመን አንጥለውም ነበር። በቀጭን ወረቀትና በቫርኒሽ ሸፍነን እንቀጥላለን። ጥገናውን ማንም እንዳያገኘው አድርጎ መሥራት ትልቁ ሙያ ነው፤ በዚህ ደግሞ እኔን የሚያክል አልነበረም። ጋሽ ከማል ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይፈልጉና ሲያጡት «ያንቺን እጅ ሰይጣንም አይደርስበትም» ይሉ ነበር።

አንድ በጋ ላይ ለቴክኒክ ተማሪዎች ትምህርት ሊሰጡ የመጡ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ መሐንዲስ ሥራ ቤታችን ገቡ። ድርጅታቸው ለምርምር ማሽኖች ማግኔት ይሠራል። ትንንሾቹ ማግኔቶች ዛሬም በእጅ እንደሚጠቀለሉና ጥሩ እጅ እንደሚፈልጉ ነገሩን። እንግሊዝኛው ለመስፍን ስለሚቀለው እሱ ነበር አስተርጓሚው። ሽቦው ከማናውቀው ዓይነት ነው፤ ከበረዶ እጅግ በሚበልጥ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል። ነገር ግን አንዲት ነጥብ ላይ ትንሽ ከሞቀ መላው ማግኔት በቅጽበት ኃይሉን ያጣል።

ለእኔና ለመስፍን አንዳንድ ጥቅልል እንድንሠራ ሽቦ ሰጡን። ሽቦው ከጫፍ ጫፍ ሲደረደር አንድ ረድፍ ነው፤ በላዩ ሌላው ይመጣል፤ አሥራ ሁለት ረድፍ። ከሽቦው ጋር አንዳንድ ወረቀትም ሰጡን። በየረድፉ ያጋጠመንን እንድንጽፍበት ነው። ጥቅልሎቹ እዚያው ፋብሪካቸው ቀዝቅዘው ይፈተናሉ፤ ጥቅልሉ ያለፈለት ሰው እዚያ ሄዶ ይሠራል። እኔ ያኔ ከዚያ ዳገት በቀር የማውቀው አገር አልነበረኝም። መሄድ ፈለግኩ፤ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ፈለግኩ።

መስፍን ወረቀቱን በጽሑፍ ሞላው። እጄ አዳለጠኝ፣ እዚህ ጋ ሽቦው ላላ፣ እዚህ ጋ መልሼ ፈታሁ። ሥራ ቤቱ በሙሉ ሳቀበት። እኔም «ኑዛዜ ነው እንዴ? ቄስ እንጥራልህ?» አልኩት። የእኔ ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው አንድ ቃል ነው፤ ደህና።

ዘጠነኛው ረድፍ ላይ የሽቦዬ ሽፋን ተላጠ። የጥፍር ጫፍ ታህል። እጄ ሳላዘው ወረቀትና ቫርኒሹን አነሳ። ሸፍኜ ቀና ስል መስፍን እያየኝ ነው።

«ጻፊው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ከጻፍኩ አልሄድም።»

«ካልጻፍሽ የት እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

«አንተ ካልነገርካቸው አያውቁም» አልኩትና ደህና ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ በደብዳቤ የመጣው ከክረምት በኋላ ነው። መስፍን ጋሽ ከማልና እኔ ፊት ቆሞ እየተረጎመ አነበበው። የእሱ ጥቅልል ሁለት እንከን ነበረበት፤ ሁለቱም የጻፈበት ቦታ ስለተገኙ ተቀበሉት። የእኔው ግን ኃይሉን ሊይዝ አልቻለም፤ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ጥገና ተገኝቷል። ከዚህ አልፎ አላነበበም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

የዚያን ቀን ከሥራ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ ያን ጥገና ከእሱ በቀር ያየ እንዳልነበረ ነገርኩት። «ብቻህን እንድትሄድ ነው የነገርካቸው» አልኩት። ቆሞ አየኝ። «እሺ» አለ። በሳምንቱ ሄደ።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ሲመለስ ቀጥታ ሥራ ቤት መጣ፤ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና የተቃጠለ ፓምፕ መፍታት ጀመረ። ከዚያ ተጋባን። የደብዳቤው ነገር ተነስቶ አያውቅም።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ኮተቤ ቤት ስንቀይር ነው ደብዳቤውን ያገኘሁት፤ አሮጌ ኮቱ ውስጥ። ያኔ እኔም እንግሊዝኛ ማንበብ ችዬ ነበር። የእኔን ጥቅልል ረድፍ በረድፍ ፈትተው ሲመረምሩ ነው ጥገናውን ያገኙት፤ የነገራቸው ሰው የለም። ከሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ጥገናው እጅግ ግሩም ነው፣ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ቢሆን ሁለቱንም እንወስድ ነበር ይላል።

ያን እንዳልሰማ ሲል ነው ያጠፈው። እንዲቆጨኝ ከማድረግ እኔ እሱን እንድጠረጥረው መረጠ። መስፍን ሌላው ክፍል ውስጥ አልጋ ሲፈታ ይሰማኛል። ሄጄ ይቅርታ ልለው ይገባ ነበር። ልጆቻችን እየጮሁ ነበር፣ መኪናውም ይጠብቃል፤ ደብዳቤውን ቦታው መልሼ ኮቱን አጠፍኩት። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገ ነበረን፤ ሁሉም በሥራና በልጆች፣ በኋላም በድካም አለፈ።

ጋሽ ከማል የሉም፤ ሥራ ቤቱን ልጃቸው ናት የምታስተዳድረው። አሁን ጠዋት ጠዋት ያኔ ሳልጽፈው የቀረሁትን ይህን ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ ከዚያ መገናኛ ድረስ በታክሲ ሄጄ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ ወደዚያው ዳገት ወደ ሥራዬ እወጣለሁ።