የሚያስለው አኮርዲዮን

በጫማ ሰፊው በኩል ሳልፍ የማስቲሽ ሽታ ካገኘኝ፣ ሆሳዕና ከተማ ያለው የልጅነት ቤታችንና የአባቴ አኮርዲዮን አብረው ይመጡብኛል። አባቴ በየሠርጉና በየበዓሉ እየዞረ በዘፈን የሚያስቅ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ለማያውቀው ላስረዳ፦ አኮርዲዮን መሃሉ ላይ ባለው ወናፍ አየር እየሳበና እየገፋ የሚጮህ መሣሪያ ስለሆነ፣ ወናፉ ከተቀደደ ድምፁ ይሰበራል።

ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ወናፉን እየበላው፣ አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ እየቆረጠ በማስቲሽ ይለጥፍ ነበር። እናቴም «አንተ ሰውዬ፣ ጎሚስታ ሆነህ ቀረህ!» ትለው ነበር። እሱ ግን ራሱ የደረሳት አንዲት ዜማ ነበረችው፤ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ሳትሰበር ከዳር እስከ ዳር እንድትሰማለት ነበር ልፋቱ ሁሉ።

መስከረም ላይ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲከበር እኔና እናቴም ተከትለነው ሾኔ ከተማ ሄድን። ዜማዋ እኩሌታ ላይ ስትደርስ የተለጠፈው ተነሥቶ፣ አኮርዲዮኑ እንደ ሽማግሌ ኽህ ኽህ አለ። የባንዱ ቀልደኛ ጋሽ ኤርጫፎ ጆሮውን ወናፉ ላይ ለጥፎ፣ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ሳል ይዟታል! ጤና ጣቢያ መውሰድ ሲገባህ ለበዓል ታመጣታለህ?» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ ቀና ብሎ ስስቅ አየኝና አንገቱን ደፋ።

በጋ መጥቶ የሠርጉ ወራት ሲጀመር፣ ሌሞም ብንሄድ ሀደሮም ብንሄድ «ሳሏስ?» የማይል አልነበረም። አባቴ ሊለጥፍ ሲነሣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ «እንዳትደፍናት! እንጀራችን በቀዳዳዋ ነው የሚገባው» ብሎ ከለከለው። ከዚያ በኋላ ባንዱ እስኪበተን ድረስ፣ ዓመት በዓመት፣ ዜማዋ እኩሌታ ላይ እየሳለች ሰው ይስቅ ነበር፤ አባቴም ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ይወድቅ ነበር።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ ባለፈው መስከረም ወናፉን አዲስ አበባ አስቀይሬ አመጣሁለት። ግቢያችን ተቀምጦ ዜማዋን እስከ መጨረሻዋ ተጫወታት።

«ጋሼ፣ ሳሏን ምን አደረጓት?» አለ ጎረቤታችን ቅር ብሎት።

«ዳነች» አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞሮም «ዜማዋን ሰማሻት?» አለኝ።

«ሰማሁ፣ አባዬ።»

ያኔ ወናፉ ቀዳዳ፣ ጣቶቹ ብርቱ ነበሩ፤ አሁን ወናፉ ደህና ነው፣ ዜማዋን የሚሰብሯት ግን ያረጁት ጣቶቹ ናቸው። አኮርዲዮኑን ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ልድገማት አላለኝም፤ እኔም ድገማት አላልኩትም።