የኋላው ወንበር፦ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ

ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፤ ከቤት

ይህን ጉዞ የጀመርኩት ለቅሶ ልደርስ ነው። ለቅሶው ግን ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የሟቹን ስም አላውቅም፤ ቤቱንም አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በወጣትነቱ በመኪና ይሽቀዳደም ነበር። ውድድሩን ቱሪንግ ይሉታል። ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ገበያ የሚሄድባት ተራ ባለ አራት በር መኪና የምትሮጥበት ነው። በጃንሆይ ዘመን ፈረንጆች መኪናቸውን በመርከብ አስጭነው መጥተው ከእኛ ልጆች ጋር ለሁለት ቀን ሲሽቀዳደሙ አባዬ ሦስተኛ ወጥቷል። ዋንጫው እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ የሚስማር ማስቀመጫ ነው። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው ወሬ ይለውጣል። በቴሌቪዥን ውድድር ሲያይ ደግሞ፣ “እነዚህ ዕድለኞች ናቸው፤ የኋላ ወንበር የላቸውም” ይላል። እኛም የሽማግሌ ነገር ብለን እናልፈዋለን።

ሌላም አመል አለው። መንገድ ላይ እጁን ላነሳ ሰው ሁሉ ይቆማል። ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት ስንሄድ ከማናውቃቸው ሰዎች፣ አንዳንዴም ከዶሮ ጋር ተጨናንቀን ነበር የምንደርሰው። ክፍል ገብቼ ላባ ከሹራቤ ላይ ስለቅም ጓደኞቼ የሳቁብኝን አልረሳውም።

አሁን ሐኪሞች ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር አግኝተው ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ብለዋል። እሑድ ከምሳ በኋላ ጠራኝና የሆዱን አወጣው።

“ከጫንጮ ወደ ሱሉልታ ሁሉንም ቀድመን እየበረርን ነው። ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ቃሬዛ አይቶ የሚያልፍ ሰው አለ? እኔ አለፍኩ። የተኛው ሰው ከጋቢው ውስጥ እጁን አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ እያየሁት አለፍኩ። በማግሥቱ በዚያው መንገድ ስንመለስ ቦታው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሰዉ በጋቢ ተጀቡኖ ተቀምጧል።”

“ሌላ ሰው ይሆናላ፣ አባዬ።”

“እሱ ነው። መኪናዋ አንድ ወንበር ብቻ ቢኖራት ምክንያት ነበረኝ። የውድድሩ ደንብ ግን የኋላ ወንበር አይውጣ ይላል። ባዶ ወንበር ይዤ ነው ሰው የገደልኩት። ቤተሰቡን ፈልገሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ። አለዚያ ሐሙስ የሚባል ነገር የለም፤ ሐኪም ቤት አልገባም።”

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ሰበታ

ያኔ ከአባዬ ጎን ተቀምጠው የመንገዱን ኩርባ ከደብተር እያነበቡ የሚነግሩት ጋሽ ታደሰ ሰበታ ነው የሚኖሩት። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪናው አላሳልፍ ብሎኝ ስበሳጭ ቆየሁ። ሰበታ ስገባ የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ እየቀየሩ መንገዱን ሞልተውታል። ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ አጠገብ ተማሪዎች በበትራቸው አስፋልቱን እየነኩ ሲሻገሩ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ለቀቀው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሹፌሩን፣ “አታይም እንዴ፣ ማነህ!” ሲለው ደስ አለኝ።

ጋሽ ታደሰ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ። በመቶ ሠላሳ ብር ፉል ጋበዙኝ፤ ልከፍል ብል ተቆጡ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ።

“ቃሬዛ? እኔ እኮ አላየሁም! ዓይኔ ከደብተሩ ተነቅሎ አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ይዞ… ለኔ እንኳ ሳይነግረኝ?”

“ቦታውን እንዴት እናግኘው? አባዬ የሚያስታውሰው እርስዎ ያነበቡለትን ብቻ ነው። ‘ግራ ረጅም፣ ድልድይ፣ አትፍራ’ ሲሉት ነበር አለኝ።”

“‘አትፍራ’ ብዬ የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው” አሉና ተነሡ። “ደብተሩ ቡራዩ ነው፤ መካኒካችን ጋ። ደግሞ ይቅርታ ያለ ሽማግሌ አይጠየቅም። እኔ እሄዳለሁ።”

አምስት ሰዓት፤ ቡራዩ

ወደ ከተማ ተመልሰን፣ በአስኮ አድርገን ቡራዩ እስክንገባ ጋሽ ታደሰ አፋቸው አላረፈም። ይህ ውድድር ፈረንጅ አገር ሲጀመር ሰው ከቤቱ በር ያቆማትን መኪና አስነሥቶ ከከተማ ከተማ፣ ላምና ጋሪ በሚሄድበት መንገድ ይሮጥ እንደነበር ነገሩኝ። ተመልካች በመንገድ ዳር እየተገጨ ሲያልቅ ጊዜ ውድድሩን አጥር ወዳለው ሜዳ አስገቡት። ከዚያ ወንበሩን ነቀሉ፣ መኪናው ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚከላከል የብረት ዘንግ አስገቡ። “ዛሬ የምታያቸው ላያቸው የቤት መኪና ነው፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። የኛዎቹ ግን ሙሉ ነበሩ፤ የሲጋራ መተርኮሻ እንኳ አልጎደላቸውም” አሉ።

መካኒኩ ኦቦ ለሚ ጋራዡን ለልጃቸው አስረክበው እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። “አካም ጂርቱ! ባጋ ናጋን ዱፍተን!” ብለው በኦሮምኛ ተቀብለው ጋሽ ታደሰን አቅፈው አልለቅ አሉ። ከዚያ እኔን አረፍ በይ ብለው ደንበኛ የሚቀመጥበትን አሮጌ ወንበር በጨርቅ ጠረጉልኝ። ቀይ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ከታች ጡብ ገብቶለታል።

“የማን ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ ታውቂያለሽ?” አሉኝ። “የአባትሽ ነው። ውድድሩ ባለቀ በሳምንቱ መጥቶ ‘የኋላውን ወንበር አውጣልኝ፤ እንዳላየው’ አለኝ። መኪናዋን ያለ ወንበር ነው የሸጣት። ዋጋ ቀነሱበት፤ አብዷል ብለን ተውነው።”

በድንገት ተነሣሁ፤ እግሬ ራሱ አነሣኝ። ደብተሩ ከሳቸው መሣሪያ ሣጥን ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ዘይት አንዳንዱን ገጽ አጣብቆታል። ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን እየላሱ ገለጡትና አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። የመጨረሻው ቃል “አትፍራ” ነበር።

ስምንት ሰዓት፤ ከጫንጮ ወደ ኋላ

በአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥተን ሱሉልታን አለፍናት። ማለፋችን ግድ ነበር፤ ደብተሩ የሚነበበው ከጫንጮ ሲመጡ ነው። ሜዳው ላይ ድርቆሽ ተከምሯል። ነፋሱ በመስኮት ገብቶ ጆሮዬን ነከሰኝ። ጫንጮ ላይ ቆመን አንድ አንድ ብርጭቆ እርጎ ጠጣን፤ እኔ ግማሹን ተውኩት። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ የሰው እናት፣ የሰው ልጅ በዓይነ ኅሊናዬ እየመጣ አላስጠጣኝም።

ጋሽ ታደሰ ግን መነጽራቸውን አድርገው ተስተካክለው ተቀመጡ። “ቀኝ አጭር! ሁለት መቶ ሜትር ቀጥታ! ጋዝ ስጪው!” ይላሉ፤ እኔ በአርባ እነዳለሁ። ኩርባው የለም፤ መንገዱን አቅንተውታል። “ኩርባዬን የት አደረሱት!” ብለው ተናደዱ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ከአዲሱ ድልድይ ጎን አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ብቅ ሲል ግን ድምፃቸው ወረደ። “ግራ ረጅም። ድልድይ። አትፍሪ፣ ልጄ።”

ቆምኩ። ድልድዩን እንዳለፉ የከብት መኖ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ከፊቱ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው የፉርሽካ ጆንያ ያስቆጥራሉ። ጋሽ ታደሰ ያን የማይወርድ ቆባቸውን አወለቁ።

“ኦቦ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለይቅርታ ነው የመጣነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ የመኪና ውድድር በዚህ ያለፈ ዕለት፣ እዚህ ቦታ በቃሬዛ ይዘዋቸው የነበሩ፣ በኋላም ያረፉ ሰው…”

“በቃሬዛ? በውድድሩ ቀን?” ሽማግሌው ከዘራቸውን ተከሉ። “ማን ነው አረፈ ያለው?”

“በማግሥቱ ድንኳን ተተክሎ…”

“ያ ዋቃ!” አሉና ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። “እኔ ነኝ እኮ! ቱፋ እባላለሁ። ይኸው፣ አልሞትኩም!”

ኦቦ ቱፋ የሱቁን ልጅ ወንበር አስመጥተው አስቀመጡንና አስረዱን። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። መኪኖቹን ከሩቅ ለማየት ባሕር ዛፍ ላይ ወጥተው ሲንጠራሩ ቅርንጫፉ ከዳቸው፤ እግራቸው ተሰበረ።

“እጅዎን ዘርግተው ለምነውት ነበር” አልኩ። “የመጀመሪያው ሹፌር አባቴ ነው። ሳይቆም አለፈ።”

“ማን ለመነ? ‘ቀና አድርጉኝ፣ ልይ!’ ብዬ ጮኬ ነው። እጄን ያነሣሁት ላጨበጭብለት ነው፤ አንዱ ከጋቢው አልወጣ አለኝ እንጂ። ሰባት መኪና አለፈ፤ ቆጥሬያለሁ። ለማየት አይደል የወጣሁት? ስምንተኛዋን የምትነዳ ፈረንጅ ሴት ቆመችና ከኋላ አስተኝታ አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሰችኝ።”

“ድንኳኑስ?” አሉ ጋሽ ታደሰ።

“የዕድራችን ነዋ! እኔ ስወድቅ ሽማግሌዎቹ ‘ከእንግዲህ ዛፍ ላይ የወጣ ይቀጣል፤ ቁጭ ብላችሁ እዩ’ ብለው በማግሥቱ መንገድ ዳር ተከሉት። ብርድ ነበር አሉ፤ ሰው ተጀቡኖ ነው ያየው። እኔ ሆስፒታል ሆኜ አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።”

አለቀስኩ። ከደስታ ነው፣ ከንዴትም ጭምር። ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲኖር የሚተከለው ያው አንድ ድንኳን ነው። አባዬ እየበረረ አየው፤ አንዴ ወርዶ ሳይጠይቅ ሃምሳ ዓመት ተቀጣበት። ስልኬን አውጥቼ ልደውልለት ብል ኦቦ ቱፋ እጄን ያዙኝ።

“በስልክ ያምናል? ተነሡ፣ እሄዳለሁ። ሹፌሩን ሳላየው አልሞትም።”

ከፊት እንዲቀመጡ ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። የታመመ እግራቸውን ዘርግተው ከኋላ ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት፤ ቤት

አባዬ የመኪናዬን ጡሩምባ ሰምቶ በር ከፈተ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሽ ታደሰን አቅፎ ሳይጨርስ፣ “አገኛችኋቸው? ምን አሉ?” አለኝ።

“የኋላውን ወንበር እየው” አልኩት።

ኦቦ ቱፋ መስኮቱን አውርደው እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ የተዘረጋውን እጅ አየ። ከዚያ በሩን ራሱ ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል ኦቦ ቱፋ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት።

“ጉልበቴን ተወው፣ በቃሬዛ ካየኸኝ ጀምሮ ያመኛል” አሉት። “ይልቅ ንገረኝ፤ አንደኛ ወጣህ?”

“ሦስተኛ” አለ አባዬ፤ እንባው እየወረደ።

“እኔ ጋ ስታልፍ አንደኛ ነበርክ” አሉት።

ሐሙስ ጠጠሩ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጣ። ቅዳሜ ከሐኪም ቤት ሳመጣው አንዲት ሴት ጎመን ተሸክማ ፀሐይ ላይ ቆማለች። “አቁሚ” አለኝ። ለዘመናት የሚቆመው ደግ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር፤ በዚህ ጉዞ ፍርሃት መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ እየሳቅሁ፣ “አባዬ፣ አሁን እኮ ነፃ ነህ! ለማን ብለህ ነው የምትቆመው?” አልኩት።

ዞሮ ወደ ኋላ ተመለከተ።

“ወንበሩ ባዶ ነው እኮ” አለኝ።

ቆምኩ።