ባለ አሥራ አራት ቁራጩ ሱሪ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው የሴቶች መውጫ በር ላይ የምትቆመውን ፈታሽ ሠራተኞቹ «ራጅ» ይሏታል። እጇ ከአንገት ተነስቶ፣ በብብት አልፎ፣ ወገብን ዞሮ ቁርጭምጭሚት ላይ እስኪደርስ አሥር ሰከንድ አይፈጅበትም። ከዚያ እጅ ግን አንዲት ቁልፍ እንኳ አታመልጥም ይባላል። ቅጽል ስሙን ስትሰማ አትቆጣም፤ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ደስ ይላታል።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ከመቆሟ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጣ ሱሪ ስትሰፋ ኖራለች። ዓይኗ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው ነው «አንቺስ በሩን ብትጠብቂ ይሻላል» የተባለችው። በሩ ላይ በቆመችባቸው ዘጠኝ ዓመታት አንድ ነገር ተምራለች፦ ሰው ያለ ምክንያት አይቸኩልም። ከወትሮው አብዝቶ ሰላም የሚላት፣ ስለ ባሏ ጤና የሚጠይቃት፣ ተራው ሲደርስ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ የሚል ሁሉ አንድ ነገር ይዟል።

ስለዚህ ሦስቱ ሴቶች መሮጥ የጀመሩ ቀን ነገሩ አልጣማትም።

ሥራ ሲያልቅ የድርጅቱ ሰርቪስ ሞተሩን አስነስቶ ደጅ ላይ ይጠብቃል። ወንበር አለው፣ በነፃ ነው፣ ሰፈር ድረስ ያደርሳል። ሦስቱ ግን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይገቡና ሰፋፊ ቲሸርት ለብሰው ይወጣሉ። ከዚያ ሰርቪሱን በጎን አልፈው፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትሩን መንገድ እግሬ አውጪኝ ይሉታል። አንዷ የጨርቅ ጠርዝ በኦቨርሎክ መኪና የምትዘመዝመው ናት፤ ቀጥ ብላ የበቀለች ስለሆነች «ሸምበቆ» ትባላለች። ሁለተኛዋ ልብስ የምትተኩሰው ናት፤ ቶሎ ስለምትግል «ካውያ» አሏት። ሦስተኛዋ ቁልፍ የምትተክለዋ ትንሿ ሴት፣ «ቁልፊት» ናት።

«ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው፣ የተሰጠውን ወንበር ትቶ የሚሮጠው ምን ይዞ ነው?» አለች ራጅ ቤቷ ገብታ።

ባሏ ቤት ቀቢ ነው፤ የጥፍሩ ዙሪያ ሁልጊዜ እንደነጣ ነው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ «ደስ ብሏቸው ይሆናላ» አላት።

«ደስ ብሎት የሚሮጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ እንጃ። እኔ በዕድሜዬ የሮጥኩት አንዴ ነው፤ እሱም ሰውዬው ውሻውን የለቀቀብኝ ቀን ነው። ደስታ እንኳ አልነበረውም።»

በማግስቱ ቁልፊትን ስትፈትሽ ካልሲዋ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት አገኘች። ስትፈታት ነጭ ነገር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስኳርና ጨው ነው እትዬ። መንገድ ላይ ውኃ ውስጥ በጥብጠን እንጠጣዋለን።»

ራጅ በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰችው። እውነትም ስኳርና ጨው ነው። ይኼ ደግሞ ይብሱን አስጠረጠራት። ስኳርና ጨው አንድ ወረቀት ውስጥ ምን አገናኛቸው?

በዚያው ሰሞን የጥበቃ ኃላፊው ቢሮው አስጠራት። በጡረታ የተገለለ ወታደር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶዎቹ ሳይቀሩ ተሰልፈው ነው የሚቀመጡት።

«ስሚ እህቴ፣ የሚለጠጠው ግራጫ ጨርቅ ከመጋዘን እየጎደለ ነው። ጥቅሉ እንዳለ ነው የሚጠፋው። ሰው የሚወጣበት በር ያንቺ ነው። አይተሽ ስም አምጪልኝ። ካልሆነ ግን በሩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ራጅ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ዓይኗ ወደ ስፌት መኪናው አይመልሳትም። በሩን ካጣች ምን ላይ እንደምትወድቅ አታውቀውም። ስለዚህ ቆርጣ ተነሳች። ከቤቷ የሸራ ጫማ ይዛ መጣችና ሰርቪሱን ትታ ሦስቱን ተጠጋቻቸው።

«ሐኪም ሩጪ ብሎኛል» ብላ ዋሸቻቸው።

ካውያ ሸምበቆን አየቻት፣ ሸምበቆ ቁልፊትን አየቻት። ያችን መተያየት ራጅ ልብ አለቻት።

«ነይ እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አለች ሸምበቆ። «ግን እኛ የምንለማመደው ለማራቶን ነው። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር።»

«አርባ ሁለት! ምነው፣ ማን ሞቶ ነው?»

የመጀመሪያው ቀን ከበሩ እስከ ሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ድረስ ሄደች። እዚያ ሳንባዋ በአፏ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሦስቱ ቀድመዋት ሄደው ነበር፤ ግን ዞረው ተመለሱና ከበቧት፣ አብረዋት እየተራመዱ እስትንፋሷ እስኪመለስ ቆዩ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም። ራጅ ይህን ደግነት አላመነችውም። «ለምን ይመለሳሉ? ከፊት ያለውን ነገር እንዳላይ አይደል?» እያለች ታሰላስላለች። ቁልፊት ከፊት ያለው ድልድይ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ስታጎነብስ ከሩቅ ታያታለች። ራጅ እሑድ ብቻዋን ሄዳ የድልድዩን ሥር ድንጋይ ሁሉ ገለባበጠችው። ያገኘችው የተበጠሰ የጫማ ክር ነው። እሱንም ለሳምንት በኪሷ ይዛው ዞረች።

ወራት አለፉ። ሦስት ምሰሶ አሥር ሆነ፣ አሥሩ ድልድዩን ተሻገረ፣ ድልድዩ ሰፈር ደረሰ። እሑድ እሑድ ጠዋት ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለው ረጅሙን ይሮጣሉ። መጀመሪያ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አንድ ነገር እንደሚመጣ አስተዋለች። ትንፋሿ ይስተካከላል፣ እግሯ መለመኑን ይተዋል፣ እጆቿ ቀለል ብለው ጎኗ ላይ ይወዛወዛሉ። እነዚያ ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብ ሲዳስሱ የሚውሉ እጆች፣ እዚያ ማንም የማይፈራቸው ተራ እጆች ናቸው። በር ላይ ዓይኗን ቀጥ ብሎ የሚያያት የለም። መንገድ ላይ ግን ጎን ለጎን ስለሆኑ መተያየትም አያስፈልግም፤ ወሬው ራሱ ይመጣል። ካውያ ስለ አማቷ ኩርፊያ ታወራለች፣ ቁልፊት የሁሉን አለቃ አነጋገር እየቀዳች ታስቃቸዋለች። አንድ ቀን ራጅ ራሷን እየሳቀች አገኘችው፤ ደነገጠችም። ይኼ ደስታ ከየት መጣ? ማንስ ሰጣት? በኋላ ምን ሊያስመልሳት ነው?

በዚያ ሰሞን ሦስቱ ጉልበታቸውን በፋሻ እየጠቀለሉ መውጣት ጀመሩ። ራጅ የሸምበቆን በእጇ ዳሰሰችው፤ ፋሻው ወፈር ይላል።

«አሞሽ ነው?»

«ጉልበቴ እኮ ነው እትዬ፣ ቁልቁለቱ ጎዳኝ።»

የራሷም ጉልበት ሌሊት ሲጠዘጥዛት ነበር ያደረው። ያንን ሕመም ባታውቀው ኖሮ «ፍቺው» ትል ነበር። አሁን ግን «እግዜር ይማርሽ» ብላ አሳለፈቻት።

ሃያ ኪሎ ሜትር ሳታቋርጥ የሮጠች እሑድ፣ ሦስቱ ሰፈር መግቢያው ላይ አስቁመዋት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጧት። ከጉልበት ዝቅ የሚል የሩጫ ሱሪ ነው። ልኳ ነው፣ ሰውነቷ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ጎኑ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለው።

«ያንን ቀሚስ ከዛሬ ጀምሮ አንይሽ፣ ነፋስ ሲገባበት ድንኳን ትመስያለሽ» አለቻት ካውያ።

ራጅ ለሁለት ወር ያህል ከላይዋ አላወረደችውም። ባሏም «ምነው፣ ልትታጪ ነው እንዴ?» እያለ ቀለደባት።

ለማራቶኑ ሦስት ሳምንት ሲቀር ኃላፊው እንደገና ጠራት። ጥቅሉ አሁንም እየጎደለ ነው። «እስከ ሰኞ ስም አምጪ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሱሪውን አጥባ፣ ገልብጣ ገመድ ላይ አሰጣችው። ፀሐዩ በጨርቁ ሲያልፍ ስፌቱ ጎልቶ ታየ። ጠጋ አለች። ዓይኗን አጥብባ በጣቷ ተከተለችው። አንዱ እግር ሰባት ቁራጭ ነው፣ ሌላውም ሰባት። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ የጉልበት ፋሻ ስፋት አለው። ጨርቁ ግራጫ ነው፣ ይለጠጣል፤ በስጦታው ደስ ብሏት እስከ ዛሬ አልጠረጠረችውም። ኦቨርሎኩ ደግሞ የሸምበቆ እጅ ነው፤ እንደዚያ አስተካክሎ የሚሰፋ ሌላ ሰው ፋብሪካው ውስጥ የለም።

የልብስ መቆንጠጫዎቹን በእጇ እንደያዘች በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ሱሪው በእሷ በር፣ በእሷ እጅ ሥር፣ እሷው «እግዜር ይማርሽ» እያለች ነው የወጣው። አሞኝተዋታል። ወይስ ወደዋታል? ወይስ ልብሱን አልብሰዋት አፏን ማዘጋታቸው ነው? ሦስቱንም እያፈራረቀች አሰበች፤ ሦስቱም እውነት መሰሏት። አንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ሆነች። ጥቅል ጨርቅ በእጁ ያለ ሰው አሥራ አራት ቦታ አይቀጣጥልም። ይኼ ከመቁረጫው ወለል የሚጠረግ ቁርጥራጭ ነው። ቢሆንም ከግቢው ክር እንኳ አይወጣም ተብሎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ሦስት ስም ብትሰጥ ደግሞ በሩ የእሷ እንደሆነ ይቀጥላል።

ሰኞ ሱሪውን አጣጥፋ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ይኼ በእኔ በር ወጥቷል። ቁርጥራጭ ነው፣ ይቁጠሩት። ጥቅሉን የሚወስደው ሌላ ነው። ጥቅል በሴት ወገብ ሥር አይወጣም፤ የጭነት መኪናውን በር ያስፈትሹ።»

«ያንን ለእኔ ተይው» አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ። ፍጥነቱ አልጣማትም። ሱሪውን በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ «ማን ሰፋው?» አላት።

«የለበስኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ሰፋው ነው ያልኩሽ።»

«መስፋትማ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሰፍቻለሁ። የእኔን ስም ይጻፉ።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ከተሰለፉት እስክሪብቶዎች አንዱን መዝዞ ጻፈ። በማግስቱ በሩ ላይ ሌላ ሴት ቆመች፤ ራጅም ቁርጥራጭ መለያ ክፍል ገባች። ሱሪው ወረቀት ተለጥፎበት መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ወሬው ግን የራሱን መንገድ ሄደ። «ራጅ ሱሪውን ለኃላፊው አስረከበችው» ተባለ። የዚያን ቀን ማምሻ በሩ ላይ ሦስቱን ስትጠጋ ካውያ ፊቷን አዞረች።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ሩጪ ያለሽ ለዚህ ኖሯል?»

ራጅ የጫማዋን ክር ለማሰር ጎንበስ አለች። በውሸት ለገባ ሰው እውነቱን ማን ያምነዋል? ሦስቱ ሄዱ። በዚያ ቀን ዞሮ የተመለሰላት የለም። ሦስት ሳምንት ከኋላቸው ብቻዋን ሮጠች።

የማራቶኑ ዕለት የባሏን የቀለም ሱሪ ጉልበቱ ሥር ቆርጣ፣ ጠርዙን በእጇ ሰፍታ ለብሳ መጣች። ሦስቱ ከሩቅ አይተዋታል። ምን እንደለበሰች አዩ፣ ምን እንዳልለበሰችም አዩ። አንዳቸውም አልቀረቧትም። ጥይቱ ሲተኮስ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ተንቀሳቀሰ፤ የሸምበቆ ራስ ከሁሉም በላይ ብቅ ብሎ ሄደ።

እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እግሯ አልከዳትም። ከሠላሳ በኋላ ግን መንገዱ ሽቅብ መሰላት፣ ሜዳ ሆኖ ሳለ። ሠላሳ ሦስትን አልፋ ጥቂት እንደሄደች መንገዱ ዳር ሸምበቆን አየቻት። ባቷን ጅማት ይዟት፣ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ራጅ መጀመሪያ ያሰበችው «ልትፈትነኝ ነው» ብላ ነው። ቢሆንም ቆመች። ተንበርክካ ያንን ባት በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሸምበቆ በድንጋጤ እግሯን ልትነጥቃት ሞከረች።

«ዝም በይ። ይኼ ፍተሻ አይደለም።»

ባቷን እየጨመቀች አሸችላት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜ እስኪጠራ ስጠብቅ ነበር» አለች ሸምበቆ። «ለምን አልተጠራሁም?»

«የተሰጠ ስም ስለሌለ።»

«ታዲያ ሱሪውን ለምን ወሰድሽለት?»

«በእኔ በር ነዋ የወጣው።»

ሸምበቆ ቁልቁል አየቻት። «አላምንሽም እትዬ።»

«አትመኚኛ። እኔስ አንቺን ያመንኩሽ መሰለሽ? ጉልበቴ እያለሽ ጨርቅ አሳለፍሽብኝ። ተነሺ፣ ሳይቀዘቅዝ ሩጪ ብቻ።»

ሸምበቆ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያውም መልሳ ዋጠችው። መጀመሪያ እያነከሰች፣ ቀጥሎ ቀስ እያለች ተንቀሳቀሰች። ራጅ አልቀደመቻትም። ጎን ለጎን ሆነው ረጅም ጊዜ ሄዱ፤ እግራቸው አንድ ላይ ያርፋል፣ አንድ ላይ ይነሳል። የሠላሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር ምልክት ግን አልመጣም።

«ይቺን ምልክት የሆነ ሰው ወደ ፊት ገፍቷታል» አለች ራጅ እያለከለከች።

ሸምበቆ ወደ ኋላ ዞራ መንገዱን በዓይኗ ለካችው።

«እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለቻት።