ለጉድጓዳችን የተተከለው ድንኳን

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ፣ ከኮንዶሚኒየም ለማጠብ የምናመጣው ልብስ እንዳይቀላቀል በየፌስታሉ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር እጽፋለሁ። እሱንም ተሳስቼ የአንድ ዲያቆን ልብስ ጭፈራ ቤት ለምትሠራ ልጅ፣ የእሷን ለእሱ አድርሼ አውቃለሁ። እሷ ስቃ መለሰችልኝ፤ እሱ ሌላ አጣቢ ፈለገ። በትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። አስተማሪ "ተነሺና መልሺ" ሲለኝ መልሱን እያወቅሁ ጉሮሮዬ ስለሚዘጋ፣ አይገባትም ተብዬ ነው የቀረሁት። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ ስለዚህ የጉድጓዳችንን ነገር እዚህ ልናገር።

ቤታችን ላፍቶ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት አሁን ፎቅ በቅሎበታል። የፎቁ ሰዎች ልብስ ይቆሽሻል፣ እኛ እናጥባለን፤ ከመሬታችን ጋር የቀረን ዝምድና ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ግቢያችንና አባቴ በዶማ የቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ መጣ ሲባልም ያስነጥሳል እንጂ አይወርድም። ጉድጓዱ ባይኖር እናቴና እኔ እንጀራ የምንበላበት ሥራ የለንም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ጠዋት ክዳኑን ስታነሳ "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። እኔን እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ከአጥራችን ወዲያ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነዳጅ ማደያ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ወሬው ከመምጣቱ በፊት አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው በራችንን አንኳኩቶ፣ "እናቴ፣ ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ?" ብሎ ጠየቀ። እናቴ የጉድጓዱ ክዳን ላይ ሳፋ አስቀምጣ እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል "የለም" አለችው። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ለምን ዋሸሽ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷ ግን እንደጠየቅኋት ቆጥራ መለሰችልኝ።

"መንግሥት አለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የለኝም ነው የሚባለው። አለኝ ያለ ሰው ምን እንደቀረው አባትሽን ጠይቂ።"

ሰውየው ግን የመንግሥት ሰው አልነበረም። ማደያውን የሚሠራው ድርጅት የቀጠረው ባለሙያ ነበር፤ ሥራው ማደያው በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት አስቀድሞ ማጥናት ነው። እናቴ ይህን የሰማችው ቆይታ ነው። የነዳጁ ጋኖች ከአጥራችን ሥር፣ ከጉድጓዱ አፍንጫ ላይ ሊቀበሩ መሆኑን ቦታውን ሊለኩ ከመጡት ሠራተኞች ስትሰማ ደግሞ እጇ ላይ የነበረውን ካልሲ ጨምቃ ጨምቃ ቀደደችው። የደንበኛ ካልሲ ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ያጉረመርም ጀመር። አንዱ ሽታውን ይፈራል፣ አንዱ እሳቱን፣ አንዱ ቦቴው የሚገባበትን ጠባብ መንገድ። ውሎ አድሮ ድርጅቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪውን ሰብስቦ ማወያየት አለበት ተባለ። እናቴ ደስ አላት፤ የምትለው ነገር ሞልቷት ነበርና። ችግሩ ስብሰባውን የሚመሩት የእድራችን ዳኛ መሆናቸው ነው። እናቴና እሳቸው አይነጋገሩም። አንድ ልቅሶ ላይ ዝናብ መጥቶ የእድሩ ድንኳን ሲያፈስ፣ እናቴ በሰው ፊት "ይሄ ድንኳን እንደ ዳኛው አፍ ነው፤ ምንም አይቋጥርም" ብላ ነበር። ዳኛው ሽማግሌ ልካ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ በእድሩ ስብሰባ ላይ እንዳትናገር አስወሰኑባት። እሷም ይቅርታ ከምጠይቅ የውስጥ ልብሱን ባጥብ ይሻለኛል አለች።

ስለዚህ የምትናገሪው አንቺ ነሽ ተባልኩ። በዓለም ላይ ስንት ሰው እያለ።

ሳፋው ዙሪያ ቁጭ ብለን ታለማምደኝ ጀመር።

"በይ እስቲ። ጋኑ ቢያፈስ ማን ይነግረናል? ውሃው ቢበላሽ ምን እንጠጣለን?"

"ጋኑ ቢያፈስ ማን ይነግረናል" አልኩ።

"ለካልሲው አትንገሪው። ቀና በዪ።"

ቀና ስል ጠፋብኝ። ሳቀርቅር ተመለሰልኝ። "እንግዲህ አንገትሽን ደፍተሽ ጠይቂ፤ ምን ይደረጋል" አለች።

ዳኛው ድርጅቱ አዳራሽ ከሚከራይ ብለው የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ አከራዩት። ሰው እንዲጠሩም የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ላኩ። ጥሩምባ ነፊያችን ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያውቁት አንድ የመጥሪያ መንገድ ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞሩ ነፉት። "የነዳጅ ማደያ ስብሰባ አለ" ማለታቸውን እስከ ዛሬ ይምላሉ፤ ብለውም ይሆናል። ግን ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የሚባለውን ማን ይሰማል? ሁሉም የሚሮጠው ነጠላውን ፍለጋ ነው። ደጅ ሲወጣ ደግሞ ድንኳኑ ተተክሎ ያያል።

ዘመድ ለዘመድ እየደወለ ከመካኒሳ ሳይቀር ሰው መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው እየገቡ ተቀመጡ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ልቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጎኑ ያለው ሰው ያውቃል ብሎ አዘነ። አንዲት ጎረቤታችን ታመው የከረሙት አማቷ የሞቱ መስሏት ደረቷን እየደቃች ስትገባ፣ አማቷን ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ማልቀሷን አላቆመችም። የእድሩ ሴቶችም ከልማዳቸው ንፍሮ ቀቅለው ነበር። እኔ ሻይና ንፍሮ እንዳዞር ታዘዝኩ።

ባለሙያው መጣ፤ ያው ሰደርያ የለበሰው ሰው ነው። በር ላይ የነበሩት ተራ በተራ "እግዜር ያጥናህ" ሲሉት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ንፍሮም ዘገነ። ከዚያ የማደያውን ምስል በፕሮጀክተር በድንኳኑ ሸራ ላይ አብርቶ "ክቡራን ባለድርሻ አካላት" ብሎ ጀመረ። ባለድርሻ መሆናችንን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ስለ አሉታዊ ተጽዕኖ፣ ስለ ማቃለያ እርምጃ ብዙ አወራ። ነፋስ ሸራውን በነካው ቁጥር ማደያው ይወዛወዝ ነበር። "ሦስቱም እዚህ ጋ ይቀበራሉ" ብሎ ለጋኖቹ የታሰበውን የአጥራችንን በኩል ሲጠቁም፣ ከኋላ አንዲት ሴትዮ "ወይኔ፣ ሦስት ናቸው እንዴ" ብላ አነባች።

"ጥያቄ ያለው?" አለ ባለሙያው።

ሲያጉረመርሙ የከረሙት ሁሉ አቀርቅረዋል። በዚያ ድንኳን ሥር ድምፁን ከፍ አድርጎ የተከራከረ ሰው ይቀጣል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እዚያ ሥር የተማርነው ዝም ማለት ነው። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና አፈጠጠችብኝ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ባለሙያው አጠገብ ቆሜ ነበር። ጥያቄው ምላሴ ላይ ነው። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ መንጫጫት ጀመሩ፤ ከእኔ እነሱ ተሻሉ።

"እንግዲህ ተቃውሞ ከሌለ፣" አለ ባለሙያው፣ "ነዋሪው ተስማምቷል ብለን..."

እናቴ ተነሳች። ዳኛው አንቺ መናገር አትችዪም ሊሏት እጃቸውን አነሱ። እሷ ግን አልተናገረችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ሙሾ አወረደች።

"ባሌ በዶማ ነው ያወጣህ ከመሬት፣
እንዴት አመጡብህ የቤንዚን ጎረቤት።
ልጅ አሳድጌብህ ልብሱን አጥቤብህ፣
ዛሬ ነዳጅ መጣ ሊገባ ከሆድህ።"

የዳኛው እጅ አየር ላይ ቀረ። በእድራችን ደንብ ሰው እንዳይናገር መከልከል ይቻላል፤ እንዳያለቅስ መከልከል ግን የለም። ከጠዋት ጀምሮ የሚያለቅሱለት ሰው አጥተው የተቀመጡት ሴቶች በአንድ ድምፅ ተቀበሏት። ባለሙያው ደንግጦ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"እህቴ፣ ማነው የሞተው?"

ሌላ ሰው ይመልስለት ብዬ ዞር ብል ከኋላዬ የድንኳኑ ምሰሶ ብቻ ነው ያለው።

"ጉድጓዳችን" አልኩ።

"መቼ?"

"ገና ነው።"

"ምን አለች? አይሰማም" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ይሄኔ ጥሩምባ ነፊው ተነስተው አጠገቤ መጡና ጆሯቸውን ሰጡኝ። የሳቸው ሥራ ትንሽ ወሬ ተቀብሎ ትልቅ አድርጎ ማውጣት ነው። "ጉድጓዳችን ሊሞት ነው ትላለች" አሉ። እናቴ ልቅሶዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ለዚያ ጆሮ ብቻ የምናገር መሰለኝ። ጸጉር የበቀለበት ጆሮ ነው፤ አያስፈራም።

"ጋኑ ቢያፈስ ማን ይነግረናል?" አልኩት።

"ጋኑ ቢያፈስ ማን ይነግረናል ትላለች። እኔም እላለሁ።"

"ውሃው ቢበላሽ ምን እንጠጣለን?"

"ውሃው ቢበላሽ ምን እንጠጣለን ትላለች። ቦቴውስ ልጆቻችንን ቢገጭብን ትላለች።"

"እሱን አላልኩም።"

"እሱን እኔ ነኝ ያልኩት" አሉኝ ቀስ ብለው።

ዳኛው ተቆጡ። "ልቅሶ ላይ ክርክር የለም።"

"ጋሼ፣ ሟች የለማ" አለች ያቺ ለአማቷ ስታለቅስ የነበረችው።

"ሟች ከሌለ ስብሰባ ነው፤ እንጠይቃለን" አለ ጎኗ ያለው ሰው። "ልቅሶ ነው ካሉም፣ ልቅሶ ላይ ተስማማ የተባለ ሰው አይተን አናውቅም።"

ዳኛው ተቀመጡ። ድንኳኑን ለስብሰባ ያከራዩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም መናገር ጀመረ፤ አማትየው ሳይቀሩ ስለ ሽታው ጠየቁ። ባለሙያው ግራ ገብቶት ላፕቶፑን ያያል።

"ግን እናንተ ቤት ጉድጓድ የለም ተብሎ ነው የተጠናው። እኔ ራሴ ጠይቄ..." ብሎ እናቴን አያት። አወቃት።

"ያኔ አልነበረም" አለች እናቴ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ባለሙያውም ሳቀ። ሰው ሲበተን እኔ ሻይ ስቀዳለት፣ ቆላ ውስጥ ነዳጅ ፍለጋ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥናት ሲሠራም የአካባቢው ሰዎች ኩሬያቸውን ደብቀውት እንደነበር እናቴን ያጫውታት ጀመር።

"ፍየል አርደው አበሉኝ። እኔም በደስታ ተቀብለውናል ብዬ ጻፍኩ። ኩሬውን ያገኘሁት የቁፋሮው ዝቃጭ ከገባበት በኋላ ነው።"

"ታዲያ ምን ጠጡ?" አለችው እናቴ።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ብርጭቆውን አስቀመጠና "በሉ ጉድጓዱን አሳዩኝ" አለ። እናቴ ግቢያችን አስገብታው፣ ሳፋውን አንስታ ክዳኑን ከፈተችለት። ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ሲያይ፣ እሷ ለጉድጓዱ "እንግዳ መጥቶብሃል" አለችው። ባለሙያው ለእሱ የተባለ መስሎት "አቤት?" አለ።

ጋኖቹ ከአጥራችን ርቀው በአስፋልቱ በኩል ተቀበሩ። በእነሱና በጉድጓዱ መሀል ክዳንና ቁልፍ ያለው ቧንቧ ወደ መሬት ሰደዱ፤ ነዳጅ ካመለጠ መጀመሪያ እዚያ ይሸታል አሉ። ድርጅቱ እየላከ ያስመረምራል፤ ግን ከነዋሪውም አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ይከታተል ተባለ። ነዋሪው ማንን ያምናል ሲባል የእድሩ ዳኛ ተመረጡ። እናቴ ይህን ስትሰማ ጋኖቹ እዚያው በነበሩበት ቢቀሩ ይሻል ነበር አለች።

ዳኛው እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ይመጣሉ። እናቴም ትወጣለች። አሁንም አይነጋገሩም። እሳቸው ክዳኑን ከፍተው ያሸታሉ፤ እሷ ገፋ አድርጋቸው ታሸታለች። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው እኔን ያያሉ።

"ምንም አይሸትም በያት።"

"እኔን ሳይጠይቅ እንዴት አወቀ በዪው።"

እኔም የእነሱ ጥሩምባ ነፊ ሆኛለሁ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለቧንቧ የሚሰግዱ ይመስለዋል።

ባለፈው እሑድ እናቴ የታጠበ ልብስ ለማድረስ ጋርመንት ሰፈር ሄዳ ነበር። ዳኛው በጋቢ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ መጡ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቧንቧው ውስጥ አስነጠሱ። ደግመው ሞከሩ። ቤንዚን ቀርቶ የራሳቸው ጋቢ እንኳ እንደማይሸታቸው ያስታውቃል። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። ቁልፉ ትንሽ ነው፤ ግን የያዘው ሰው አንድ ቀን አደባባይ ወጥቶ መናገር ሊኖርበት ነው። እሳቸው እጄን ፈልገው አገኙት፤ ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

"አንቺ አሽትቺ" አሉኝ። "ከሸተተሽ ግን ዝም እንዳትዪ።"