ጄኔሬተሬን ማንም አይነካም

ባህረዲን ለሰው የማያውሰው ሁለት ነገር አለው፤ መፍቻውንና ጄኔሬተሩን። ጄኔሬተሩ እንኳ የእሱ አይደለም፣ የደንበኛ ነው። ግን አንዴ እጁ ከገባ በቃ "የኔ" ይለዋል፤ ባለቤቱ ራሱ ሲያስነሳው በክፉ ዓይን ያየዋል።

ከስልጤ አገር የመጣው በልጅነቱ ነው። ሸማ ተራ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጋቢ እያጣጠፈ አደገ፣ ተማረ፣ ኢንጂነር ሆነ፣ ተመልሶ እዚያው መርካቶ ገባ። ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለው በሀጂ ሽኩር ድርጅት የጄኔሬተር ክፍሉን ይመራል። ሀብተ ወልድ የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን፣ እኔ ጸሎት ደግሞ የውሃ ፓምፑን እንመራለን። ሦስታችንም ማሽን ተምረናል፤ ሰው መምራት ግን ማን አስተምሮን!

ጉዱ የፈነዳው በመስቀል ነው። ሀብተ ወልድ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ጉራጌ አገር ገባ። ሠራተኞቹ የጀመሩትን ጨርሰው ሊከተሉት ነበር፤ ዕቃ የሚያወጣላቸው አጥተው በር ላይ ቀሩ። እሱ አገሩ ክትፎውን ሲበላ እነሱ በዓሉን መርካቶ ዋሉ።

ሲመለስ ሀጂ ሽኩር ሦስታችንንም ጠሩን።

"ሦስታችሁ ሦስት መንግሥት ናችሁ" አሉ። "አንዱ የከለከለውን ሌላው ይፈቅዳል። ሠራተኛው ማንን ይስማ? አገር ቤት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕግ ያወጣሉ። እናንተም አውጡ። እጅ አውጥቶ በብልጫ መወሰን የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችሁም እስክትስማሙ ትነጋገራላችሁ።"

"ካልተስማማንስ ሀጂ?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ናችኋ!"

ቅዳሜ ከሰዓት! ስንት ቅዳሜ እንደተበላብን አልነግራችሁም። የመጀመሪያውን ሐሳብ ባህረዲን አመጣ። "አለቃ ለበዓል የሚሄደው ሠራተኞቹን ከሸኘ በኋላ ነው" አለ፣ ሀብተ ወልድን በጎን እያየ። ሀብተ ወልድ ምን አፍ አለው? ተስማማ። እኔ ደግሞ "የአንዱ ክፍል ሥራ የሁላችንም ይሁን" አልኩ። ባህረዲን ከወንበሩ ዘለለ።

"ጄኔሬተሬን ማንም አይነካም!"

"የኛ እጅ እሾህ አለው?" አለ ሀብተ ወልድ።

"አንተ ሽቦህን ዘርጋ፣ እሷም ውሃዋን ትሳብ።"

በዚህ ብዙ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ሲሰለቸን ማሰሪያ አበጀንለት፤ ባለሥራው በራሱ አንደበት "ያዙልኝ" ካላለ ማንም እጁን አያስገባም። ባህረዲን ይህንን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ተስማማ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ እንደማይወጣ ያውቃላ!

አረፋ ደረሰ። መብራት በፈረቃ የሆነበት ዘመን ስለነበር ጄኔሬተር የማይጮህበት ተራ አልነበረም። ባህረዲን ደግሞ ሊያገባ ነው። በየከተማው የተበተነው የስልጤ ልጅ ሁሉ ለአረፋ አገሩ ስለሚገባ ሠርጉም ያኔ ነው፤ ሙሽራዋ ሱሀይርና ቤተሰቧ እየጠበቁት ነበር። በዋዜማው ራሱ ባመጣው ሕግ መሠረት ሜካኒኮቹን በሙሉ ሸኘና ሻንጣውን አንስቶ ሊወጣ ሲል ስልክ ተደወለ። ጭድ ተራ ዳቦ ቤት ያላቸው እትዬ አበራሽ ናቸው።

"ባህሩ ልጄ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ! ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስብኝ ነው። የነገ በዓል ዳቦ የታዘዝኩት ስንት ነው መሰለህ!"

ሻንጣውን እንደያዘ ሄደ። እኔና ሀብተ ወልድም በዓሉ የኛ ስላልሆነ ተከተልነው። ደርሶ ጄኔሬተሩን በታተነው፤ እኛ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን የትናንት ዳቦ እንበላለን። ምን እናድርግ? ሕግ ነው፣ ካልጠየቀን አንነካም። እህቱ ሰአዳ ደወለች። "መንገድ ላይ ነኝ" አላት፣ ጭንቅላቱን ማሽኑ ሥር እንደቀበረ።

የመጨረሻው መኪና የሚወጣበት ሰዓት እየደረሰ ነው። ይህ ካመለጠው በበዓሉ ቀን ማን ይወስደዋል? ንድድ አለኝ።

"አንዲት ቃል እኮ ናት!" አልኩት።

"አትችሉትም።"

"አንችል ይሆናል" አለ ሀብተ ወልድ። "አንተም ግን ሁለት ቦታ መሆን አትችልም።"

ባህረዲን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ናፍጣ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ብሄድና ባይነሳስ? እትዬ አበራሽ የሚያውቁት የኔን ስም ነው።"

ለካ ንፉግ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

"ካልተነሳ ሦስታችንንም ይርገሙን" አልኩት። "ሳናስነሳው ከዚህ ንቅንቅ አንልም።"

አየኝ፤ ሀብተ ወልድን አየው። ከዚያ የመፍቻ ሳጥኑን ወደኛ ገፋ አድርጎ በቀጭን ድምፅ "ያዙልኝ" አለ።

"አልተሰማኝም" አለ ሀብተ ወልድ።

"ያዙልኝ አልኩ! አሁንስ ሰማህ?"

ሻንጣውን ብድግ አድርጎ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ "የናፍጣ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ሳታስወጡ እንዳታስነሱት!" ብሎ ጮኾ እንደገና ሮጠ።

ማሽኑ አበሳችንን አሳየን። ፊታችን በናፍጣ ጠቆረ፤ እትዬ አበራሽ የማያውቁት መልአክ ብቻ እስኪቀር ድረስ መላእክቱን ሁሉ ጠሩ። በኋላ ግን ተነሳ፣ ዳቦውም ተጋገረ።

ሱሀይርን ያወቅኋት ባህረዲን አዲስ አበባ ይዟት ሲመጣ ነው፤ የኒካሁን ነገር ያጫወተችኝም እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ሙሽራው ብቻውን ሲመጣ አይተው "ሚዜዎችህ የታሉ?" ብለው ጠየቁት አሉ።

"ጭድ ተራ ናቸው" አላቸው። "ጄኔሬተሬን ይዘውልኛል።"